ባቲ ተቀምጦ መክሳት

በወሎዋ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ፍየል የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እጁን ይሰዳል። ባለቤቱ ቀንዷን ይይዝለታል፤ እሱ ጣቶቹን ወገቧ ላይ አሳርፎ አከርካሪዋን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ጫን ያደርጋል። አጥንት ከነካ ምንም ሳይናገር ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሥጋ ከነካ፣ "ስንት ነው የምትለው?" ይላል። በግ ከሆነ ደግሞ ላቱን ከሥር በመዳፉ ያነሣና ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ሻጩ ከቆላ የመጣ አፋር፣ ገዢው የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ነጋዴ፣ ደላላው የባቲ ኦሮሞ ቢሆንና ሦስቱ በቋንቋ ባይግባቡ እንኳ በስብ ይግባባሉ።

በዚህ ገበያ ጥግ ያደገ ሰው ሰውንም የሚመዝነው በዚያው እጅ ነው። ቆይቶ ያገኘህ ዘመድ ሰላምታውን ሳይጨርስ ክንድህን ጨበጥ ያደርጋል። ሞልቶ ካገኘው፣ "ማሻ አላህ! ተመችቶሃል" ይልና ፊቱ ይፈታል። ጎድሎ ካገኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምነው? ደህና አይደለህም እንዴ?" ይላል። "ወፍረሃል" ሲባሉ የሚቀየሙ ሰዎች ያሉበት አገር አለ አሉ። እዚህ የሚያስቀይመው "ከስተሃል" ነው። "ወፍረሃል" ምርቃት ነው፤ አሚን ተብሎ ይቀበሉታል።

እኔ በዚህ አቆጣጠር ለዓመታት ስመረቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ወንበር ላይ ነው። ወደ ሥራ የምሄደው በባጃጅ፣ የምመለሰው በባጃጅ፣ የማርፈው ቡና ላይ ነው። ሱሪዬ በየዓመቱ ሲጠብ ጥፋቱን በልብስ ሰፊው እያላከክኩ ኖርኩ፤ ሰፊውም ጨዋ ስለሆነ "ጨርቁ ሲታጠብ ይሰበሰባል" እያለ ያልፈው ነበር።

ነገሩን ያበላሸው የደም ግፊት ነው። አንድ ወጣት ሐኪም ክንዴ ላይ ያሰረውን ፈትቶ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝና፣ "ጋሼ፣ ኪሎ ይቀንሱ" አለኝ። ጨው ቀንሱ፣ ዘይት ቀንሱ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ጨመረበት። ከዚያ የውፍረት መለኪያዋን ቀመር አመጣ። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል የቤልጅግ ሰው በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጣት ናት፤ ኪሎህን በሜትር ቁመትህ አንዴ ታካፍላለህ፣ የወጣውን እንደገና በቁመትህ ታካፍላለህ። ኬትሌ የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም። ሰማይ ሲቆጥር የኖረ ሰው የእኔ ሆድ ላይ ምን ሊፈልግ እንደወረደ አላውቅም። የቀመሯ ውጤት ከ18.5 እስከ 25 ከሆነ ደህና ነው፤ ከ25 በላይ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ከ30 በላይ ውፍረት የሚባለው ራሱ ነው። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቴ 86 ኪሎ። ሲሰላ 29.8 መጣ። ሐኪሙ "30 ሊገቡ ትንሽ ነው የቀረዎት" ሲለኝ ቤት ሄጄ አሰላሁት፤ የቀረኝ 700 ግራም ነው። 700 ግራም አንድ ሰኞ ምሳ ላይ ያልቃል።

ሚዛን የምወጣው መናኸሪያ አጠገብ ነው። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አስፋልት ዳር ዘርግቶ "ኪሎዎን ይወቁ!" የሚል ልጅ አለ። የዚህ ልጅ ችግሩ ምስጢር አለመቻሉ ነው። አጎንብሶ ያነብና ቀና ብሎ "ሰማንያ ስድስት!" ይላል፤ ድምፁ ጨረታ እንደሚጠራ ሰው ነው። የጫማ አሳማሪዎቹ ዞር ይላሉ። ሎሚ የምትሸጠዋ እናት "ማሻ አላህ፣ ከዓይን ያውጣው" ትላለች። አንዴ እንዲያውም የፍየል ደላላ የሆነ ወዳጄ በዚያ ሲያልፍ ሰምቶ፣ ጎኔን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ፣ "ሙክት ነው! ለዓረፋ ይቀመጥልኝ" ብሎ አላገጠብኝ።

የሐኪሙን ትእዛዝ ለእናቴ መናገር ነበረብኝ፤ የምበላው እሷ ቤት ነውና። ሰምታ ዝም አለች። ቆይታ ያለችውን እስካሁን የሚመልስልኝ ሐኪም አላገኘሁም።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ባቲ ከትልልቆቹ መጠለያዎች አንዱ የነበረባት ከተማ ናት። የቢቢሲው ማይክል በርክ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1984 ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ባቲም ላይ ከቆላ አፋሩ፣ ከደጋ ገበሬው ተሰብስቦ እህል ይጠብቅ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነኝ። በየመጠለያው ሕፃናቱ በሚዛን ይመዘናሉ፣ ቁመታቸው ይለካል፣ ክንዳቸው በሪባን ይያዛል፤ በጣም የከሳው ተለይቶ ወተትና ፋፋ ወደሚሰጥበት ይገባል፤ ያልከሳው ይመለሳል።

እናቴ እንዲህ አለች፦ "አንተን ሚዛኑ ላይ ሲሰቅሉህ 'ያ ረቢ፣ ቁጥሩን ዝቅ አድርግልኝ' ብዬ ዱዓ አድርጌያለሁ። ከሳ ካልተባልክ ወተቱን አይሰጡህም ነበር። ይኸው ዛሬ በገዛ ገንዘብህ ሚዛን ላይ ወጥተህ ያንኑ ዱዓ ትደግማለህ።"

ከዚያ ተነሥታ ሽሮውን አወጣች። ላዩ ላይ ዘይቱ ቀይ ሆኖ ቆሟል። ምን ይባላል? ባሰብኩት ቁጥር ያልገባት እናቴ ናት ወይስ ያልገባው ሐኪሙ ነው እያልኩ እቸገራለሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ ወፍራም መሆናቸውን ጽፏል። ከሲታዋም ወፍራሟም በአንድ ገበያ ያልፋሉ። አንዷ እህሉን ትሸከማለች፣ ሌላዋ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣለች።

ያም ሆኖ ኪሎ ልቀንስ ብዬ ተነሣሁ። ባቲ ላይ ግን አልበላም ማለት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። "ጠግቤያለሁ" ከአክብሮት የሚቆጠር የመጀመሪያ እምቢታ ነው፤ ማንም ሰምቶት አያውቅም። "ኪሎ እየቀነስኩ ነው" ስትል ሰው ይስቅና እጅህን ይዞ ወደ ትሪው ይመልስሃል። ቀጥሎ ጉርሻ ይመጣል። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ያሉት የቀድሞ ሰዎች ስለ እኔ ጉሮሮ አላሰቡም። እምቢ ካልክ የተጣለው እንጀራው ሳይሆን ያጎረሰህ ሰው ነው። ስለዚህ የሚሠሩት ምክንያቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ በሽታና ጾም።

በሽታውን ሞከርኩት። "ሐኪም ከልክሎኛል" ባልኩ በሳምንቱ፣ ስኳር ይዞታል የሚል ወሬ ከመስጊድ እስከ መናኸሪያ ደረሰ። ጎረቤት በየተራ "አላህ ያሽርህ" እያለ ሊጠይቀኝ መጣ። ባቲ ላይ የታመመ ሰው ደግሞ ባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዷ ገንፎ በቅቤ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዱ ሐጂ ሁለት ኪሎ ሙዝ፣ ክርስቲያን ጎረቤታችን ደግሞ "የጾም ነው፣ ቀላል ነው" ብላ ሳምቡሳ። በአንድ ሆድ ጉዳይ ቤታችን ይህን ያህል ምግብ ገብቶ አያውቅም።

ቀረ ጾም። እኛ ዘንድ ሰኞና ሐሙስ መጾም ሱና ነው። የሚበላው ሁሉ የሚወጣበት፣ ወጡ ከየምግብ ቤቱ የሚሸትበት ያ ሰኞ ገበያ እንኳ በጾም ሊታለፍ ይችላል ማለት ነው። ደስ አለኝ። "ጾመኛ ነኝ" ስትል ማንም አያስገድድህም፤ እንዲያውም ያከብርሃል። ነገር ግን ነገሩ ከንክኖኝ አንድ የማከብራቸውን ሼኽ ጠየቅኩ። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ጺማቸውን ዳበሱና፣ "ሥራ ሁሉ በኒያ ነው። ያንተ ኒያ ለአላህ ነው ለቀበቶህ?" አሉኝ።

መልስ ሳጣ ጊዜ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ነቢዩ ሆድን ለሦስት ከፍለን ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንድንተው ማስተማራቸውን አስታወሱኝ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እኔ ግን የትንፋሹን ቦታ ያለ ኪራይ ለእንጀራ ስሰጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ። ኒያውን ከአላህ ጋር እየተነጋገርንበት ነው።

ረመዳን ያከሳል ብሎ ለሚያስብ ደግሞ የባቲን መግሪብ ጋብዤዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ያልተበላው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሒሳቡን ይጠይቃል። ቴምሩ፣ ሳምቡሳው፣ የአጃ ሾርባው፣ በስኳር የተነከረው ጣፋጭ፤ ከተራዊሕ በኋላ ዋናው ራት፤ ጎህ ሳይቀድ ሱሑር። ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ዋኝቶ የሚወጣ ምግብ ነው። በወሩ መጨረሻ ቀበቶውን የሚያላላ ሰው እንደ ረመዳን የሚበዛበት ወር የለም፤ አይደለም የሚል ካለ እኛን አላየም።

ኮምቦልቻ ያለ የአክስቴ ልጅ የባሰ ታሪክ አለው። ፈረንጆቹ አሁን ጾምን ደርሰውበታል፤ በቀን 16 ሰዓት ትጾማለህ፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ትበላለህ። ተዋህዶ ጎረቤቶቻችን እስከ 9 ሰዓት ሲቆዩ ስንት ዘመናቸው ነው! ልጁ ከስልኩ ላይ "ከ12 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብላ" የሚለውን አነበበ። አነበበና በእኛ ሰዓት ያዘው። ቀኑን በርኃብ ይውልና ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይበላል። እናቱ "ይህማ ረመዳን ነው፣ እኛ ካወቅነው ቆይቷል" አለችው። ሁለት ኪሎ ጨምሮ ተወው።

ሌላው ኬቶ የሚሉት ነው። እንጀራ ተው፣ ዳቦ ተው፣ ስኳር ተው፤ ሥጋ ብላ፣ ቅቤ ብላ ይላል። ለጆሮ ደስ ይላል። ሥጋ ቤት ስትሄድ ግን ኬቶ የሀብታም ርኃብ መሆኑ ይገባሃል። ድሃ ሲርበው በነፃ ነው፤ ደመወዝተኛ በኬቶ ልራብ ካለ ደመወዙ ለአሥር ቀን አይበቃውም። በዚያ ላይ ወጥ ያለ እንጀራ በምን ይበላል? በማንኪያ ሞከርኩት፤ እናቴ በሩን ዘጋችው፣ ጎረቤት እንዳያይ። የሎሚ ውሃ፣ አቼቶ፣ ዝንጅብል፣ ተልባ፣ ሽፈራው የሚሉትም አሉ። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠዋት ጠዋት ጠጥቻለሁ፤ ጥሩ መጠጥ ነው። ስብ ግን አያቀልጥም፤ ሎሚ የሚያቀልጠው ስብ ቢሆን ኖሮ ጥሬ ሥጋ በሎሚ የሚበሉ ሰዎች ሁሉ ጠፍተው ባለቁ ነበር።

"በርጫ ያዝ፣ ምግብ ያስጠላሃል" ያለኝም አልጠፋም። እውነት ነው፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር ምግብ ይዘጋል። ግን ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ሐኪም ቤት የሄድኩትም በግፊት ነው። በዚያ ላይ በርጫው ብቻውን አይመጣም፤ ስኳሩ የበዛ ሻይ፣ ለስላሳው፣ ለውዙ አብሮት ይቀርባል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ የተዘጋው ሆድ በር ሰብሮ ይገባል። ይህን መንገድ ለማንም አልመክርም።

ወደ ስፖርቱ ልምጣ። ሩጫ ጀመርኩ። ባቲ ላይ ጎልማሳ ሰው ያለ ምክንያት አይሮጥም። ከ10 ዓመት በታች ከሆንክ ትጫወታለህ፤ ጎረምሳ ከሆንክ አውቶቡስ አምልጦሃል፤ ሽበት ካለህ አንድ ነገር ተፈጥሯል። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻና ባቲ ደርሶ ካየን ወዲህ፣ የሚሮጥ ሰው ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ከየት በኩል ነው?" ብሎ ነው። እኔ ጎህ ሲቀድ ቱታ ለብሼ ስወጣ አንዲት እናት በር ከፍተው አዩኝ፤ ቀጥሎ ልጆቻቸውን ሲቀሰቅሱ ሰማሁ። ተመለስኩ። ከተማ ላለማሸበር ሲባል ሩጫ ቀረ።

የሰፈሩ ልጆች ጂም አላቸው። ጂም ስል ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የውሃ ቧንቧ ብረት ዳርና ዳሩ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ ተሰክቶ፣ ጣሳው ውስጥ ስሚንቶ ፈስሶበት የደረቀ ነው። ክብደቱን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ "ትልቁ ጣሳ" እና "ትንሹ ጣሳ" ነው የሚባለው። አንዱ ጎን ከሌላው ስለሚከብድ ያነሣኸው ጊዜ ወደ ቀኝ ይዞህ ይሄዳል። ልጆቹ "ጋሼ፣ በትንሹ ይጀምሩ" አሉኝ። በትንሹ ጀመርኩ፤ በትንሹ ጨረስኩ።

ስለዚህ መራመድ ቀረ። በቀን 10,000 እርምጃ የሚባለውን ሰምታችኋል። ከሐኪም ቤት የወጣ ቁጥር ይመስለን ነበር፤ የወጣው ከሱቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ተካሄደ። የእኛው አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ። ስታዲየም ገብቶ ከጨረሰ በኋላ ሌላውን እየጠበቀ ሰውነቱን ሲያፍታታ ጃፓኖች ተቀምጠው አዩት። በቀጣዩ ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ ስሙን "ማንፖኬ"፣ የ10,000 እርምጃ መቁጠሪያ አለው። ቁጥሩ ለገበያ ስለሚመች ተመረጠ፤ ዓለምም እንደ ሐዲስ ያዘው። የቶኪዮው ኦሊምፒክ ያስነሣውን የስፖርት ፍቅር ተከትሎ የወጣ ዕቃ ነውና፣ በጥቂቱም ቢሆን የእኛ አበበ እጅ አለበት ብዬ እጽናናለሁ።

10,000 እርምጃ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰኞ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ሲወጣ ያደረ አፋር ስንት እንደረገጠ አይጠይቅም። ጨው ሸጦ፣ ማሽላውን ጭኖ በመጣበት ይመለሳል። ወገቡ ከእኔ ጭን ይቀጥናል፤ ሐኪም ግን "ኪሎ ቀንስ" ብሎት አያውቅም። እኔ ቱታ ለብሼ እጄን እያወናጨፍኩ ሳልፈው ዞር ብሎ አየኝ፤ ግመሉም አየኝ። የግመል እይታ እንዴት እንደሚያሳፍር የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

አሁን ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ዓይኔን የከፈተው እሱ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። እኔን የሚያህል ሰው አንድ ሰዓት ደህና አድርጎ ሲራመድ የሚያወጣው ወደ 300 ነው። አንድ ኪሎ በእግር ብቻ ለመጣል ወደ 26 ሰዓት መንገድ ይጠይቃል። በባቲ ቋንቋ ሲመነዘር፣ ከዚህ ኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሦስት ጊዜ በእግርህ ሄደህ እንደ መድረስ ነው፤ መንገዱም ወደ ደጋ የሚያወጣ ነው። በሌላ በኩል አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የሽሮው ላይ የቆመችው ቀይ ዘይት ሦስት ማንኪያ ከሆነች የአንድ ሰዓት እርምጃዬን እንጀራዬ ሳይቀርብ በላችው።

ስኳሩም እንዲሁ ነው። እኛ ቤት ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ በአንዱ ሦስት ስኒ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ስትጨምርበት በቀን ዐሥራ ስምንት ማንኪያ ይመጣል። ወደ 290 ካሎሪ ነው፤ ይኸውም ሌላ የአንድ ሰዓት መንገድ። ይህን ለእናቴ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት። ማንበብ ባትችልም ቁጥር ታውቃለች። "ስኳሩ ከሆነ የሚያስቸግርህ ቀላል ነው፣ እንደ ድሮው በጨው ጠጣ" አለችኝና ጨው ጣል አድርጋ ሰጠችኝ። የወሎ ሰው ቡና በጨው ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ባቲም የአፋር ጨው ገበያ ናት። ሐኪሙ መጀመሪያ የከለከለኝ ደግሞ ጨው ነው። አሁን ቡናዬን እንዲሁ፣ መራራውን እጠጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ቅጣት ነበር። አሁን ስኳር ያለበት ሲያጋጥመኝ ሽሮፕ ይመስለኛል።

የቀረው ዘይቱ ነበር። ለዚህ እናቴን ማሳመን አልቻልኩም፤ ገበያ ግን አሳመናት። የዘይት ዋጋ ሲወጣ ሲወጣ አንድ ቀን ራሷ፣ "ማንኪያውን ብናሳንሰው ምን ይለናል?" አለች። አልሐምዱ ሊላህ ብዬ ዝም አልኩ። ሐኪሙ ያቃተውን፣ ሼኹ ያልቻሉትን ነጋዴ ጨረሰው። የዘይት መወደድ ሲከሰስ ሰምቻለሁ፤ ሲመሰገን የሰማሁት ግን ከራሴ አፍ ብቻ ነው። ይህን ገበያ መሐል አልናገረውም፣ ይደበድቡኛል።

አሁን 82 ኪሎ ነኝ፤ በኬትሌ ቀመር 28.4። አራት ኪሎ ማለት ትንሽ የፍየል ግልገል ማለት ነው፤ ያን ተሸክሜ ስዞር ኖሬያለሁ። ግፊቴ ወርዷል፣ ሐኪሙ ደስ ብሎታል። የሚዛኑ ልጅ ግን አልተደሰተም፤ "ሰማንያ ሁለት" ሲል ድምፁ እንደ ድሮው አይወጣም። ሎሚ ሻጯም "ምነው ልጄ?" ትላለች። እናቴ ክንዴን ጨብጣ አየችና፣ "እስቲ በቃ፣ እዚህ ላይ ቁም" አለችኝ። የምቆም አይመስለኝም፤ ቀመሩ 25 እስኪል ገና አሥር ኪሎ ይቀራል። ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

እንግዲህ ከሰዎቼ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ልመናዬም ለባጃጅ ልጆች ነው። ከሥራ ወደ ቤት በእግሬ ስሄድ ስታዩኝ አጠገቤ እየቆማችሁ "ጋሼ፣ ይግቡ፣ በነፃ ነው" ትሉኛላችሁ። አላህ ይስጣችሁ፣ የደግ ልጆች ናችሁ። ገንዘብ አጥቼ አይደለም፣ አልታመምኩም፣ ከሥራም አልተባረርኩም። እየተራመድኩ ነው። እለፉኝ።